ለድሬዳዋ ወጣት ፊልም ሠሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

የጉማ ፊልም ሽልማት በተቃረበ ቁጥር «ጋሼ፣ እዚህ ድሬ ተቀምጠን የሠራነው ፊልም ለዚያ መድረክ ይበቃል?» ትሉኛላችሁ። ይበቃል፤ ነገር ግን ዕድሜዬን በድምፅ ቀረጻ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው እንደመሆኔ፣ አብዛኞቻችሁ የምትዘሉት ሥራ የድምፁ ሥራ መሆኑን ልንገራችሁ።

ሽልማቱ በ2006 ዓ.ም. ሲጀመር መጠሪያውን የወሰደው በ1966 ዓ.ም. ከተሠራው «ጉማ» ከተሰኘው ፊልም ነው፤ ከእናንተ በፊት ረጅም መንገድ የመጡ ባለሙያዎች እንዳሉ ይህ ስም ብቻውን ይነግራችኋል። በሥነ ሥርዓቱ ዕለት ተመልካቹ ተዋንያኑን ይጠብቃል፤ የድምፅ፣ የቅንብርና የካሜራ ባለሙያዎች ስም ሲጠራ ግን ወሬ ይጀመራል። እናንተ ጆሯችሁን መስጠት ያለባችሁ ያኔ ነው። የአሜሪካው ኦስካር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1929 ሲጀመር የድምፅ ዘርፍ አልነበረውም፤ ፊልም መናገር ሲጀምር በ1930 ተጨመረ። ዳኛ የደበዘዘን ምስል የአዘጋጁ ምርጫ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ያልተሰማ ንግግርን ግን በምንም ምክንያት አያልፈውም።

ከዚራ ሰፈር በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚቀረጽ ምስል ያምራል፤ ባጃጁ ግን ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ልትቀርጹ ባሰባችሁበት ሰዓት አድምጡ። ቤት ውስጥ ስትቀርጹ ማራገቢያውን አጥፉ፤ በድሬ ሙቀት ተዋናይን እንዲህ ማስጨነቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሆኖም ማራገቢያው የተወው እዝዝ የሚል ድምፅ ከንግግሩ ላይ በኋላ ንጹሕ ሆኖ አይነሳም። ትዕይንቱ ሲያበቃ ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ ባዶውን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ያህል ቅረጹ። አቀናባሪው በንግግሮች መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው በዚያ ነው፤ ያለዚያ ድምፁ በየቁርጡ እየተቋረጠ ተመልካቹን ከታሪኩ ያወጣዋል።

ሌላው፣ መጋላ ገበያ ላይ አማርኛው፣ ኦሮምኛውና ሶማልኛው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲቀላቀሉ እየሰማችሁ አድጋችሁ፣ ተዋናዮቻችሁን ስቱዲዮ አስገብታችሁ የአዲስ አበባ አነጋገር አታልብሷቸው። ይህን ቅላጼ ሌላ ከተማ ያደገ ፊልም ሠሪ በቀላሉ አያገኘውም፤ እናንተ ግን በስንፍና ትጥሉታላችሁ፣ ይህም ያሳዝነኛል።

ፊልማችሁን ለውድድር ከማስገባታችሁ በፊት በስልክ ማዳመጫ ብቻ ሰምታችሁ አትርኩ። አዳራሽ ለምናችሁም ቢሆን ለሰዎች አሳዩት፣ እናንተ የኋላው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከፊታችሁ ያለው ተመልካች ወደ ጎረቤቱ ዞሮ «ምን አለ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ያችን ደቂቃ ጻፉና ወደ ቅንብር ክፍሉ ተመለሱ።