አድናቆታችሁ ከፊራ ይውረድ

ለድሬ ልጆች፣

ብሪዢት ባርዶን የምታደንቁ መብዛታችሁን አያለሁ። ፈረንሳዊቷ ተዋናይ ለእንስሳት ብላ የኖረችውን ኑሮ እያነሳችሁ ትደነቃላችሁ። እንደ እንስሳት ሐኪም ደስ ይለኛል፤ ግን ምኗን እንደምታደንቁ ለዩ።

ፊልም ያቆመችው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1977 ካናዳ በረዶ ላይ ወጥታ፣ ሲል የሚባለው የባሕር እንስሳ ግልገሎች ለነጭ ጸጉራቸው ሲባል እንደሚገደሉ ለዓለም አሳየች። በ1983 የአውሮፓ ማኅበረሰብ የእነዚያን ግልገሎች ቆዳ ማስገባት ከለከለ። ብቻዋን የሠራችው አይደለም፤ ሆኖም አንድ እንስሳ፣ አንድ ሸቀጥ ይዛ ዓመታት ሙጭጭ አለች። በ1986 ድርጅት አቋቁማ፣ በማግሥቱ ዓመት ጌጣጌጧን በጨረታ ሸጣ ለሥራው አዋለችው። የሚደነቀው ይህ ነው። አንደበቷ ሌላ ጉዳይ ነው፦ ስለ ሙስሊሞችና ስለ አረፋ ዕርድ በጻፈችው ደብዳቤ በ2008 የፈረንሳይ ፍርድ ቤት ጥላቻ ቀስቅሰሻል ብሎ 15,000 ዩሮ ቀጥቷታል፤ የመጀመሪያዋም አልነበረም። አረፋን ከጎረቤት ጋር እየበላ ያደገ የድሬ ልጅ ይህን እንዳላየ አይለፈው። ቢላ በእንስሳው ፊት አይሳል የሚለው ትምህርት እኮ ከእስልምናው ከራሱ ነው።

እኛ ዘንድ ሙጭጭ የሚባልለት እንስሳ አህያ ነው። በ2024 የአፍሪካ ኅብረት አህያ ለቆዳው እንዳይታረድ ለ15 ዓመት አግዷል። ጀርባው ግን ዛሬም ይቆስላል።

ጠዋት ከፊራ ገበያ ውረዱና ከአህዮቹ ጭነት ሲራገፍ እዩ። ቁስሉ የሚበዛው ከአንገቱ ግርጌ የጀርባው አጥንት ጎላ ብሎ በሚወጣበት ቦታና በጅራቱ ሥር ነው። የመጀመሪያውን የሚያመጣው አከርካሪው ላይ የሚያርፍ ጭነት ነው፤ ሁለተኛውን በጅራቱ ሥር የሚፈትገው ቀጭን የናይለን ገመድ። ዱላም ያቆስላል፤ ነገር ግን የአጫጫኑን ያህል አይደለም።

መላው ርካሽ ነው። ሁለት ጆንያ ጭድ ሞልታችሁ ጥቅልል አድርጋችሁ ስፉ፤ ከጭነቱ ሥር የሚገባ ትራስ ይሆናል። ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ላቡን ይይዝና ቆዳውን ያረጥበዋል፣ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል። ጥቅልሎቹ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ይቀመጡ፤ በመካከላቸው አራት ጣት የሚያህል ክፍተት ይኑር። ጭነቱ ከተጫነ በኋላ እጃችሁን በክፍተቱ ስደዱ፤ ካላለፈ ጭዱ ሟሽሿልና ይጨመርበት። የጅራቱ ገመድ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍር። 130 ኪሎ ለሚመዝን አህያ 40 ኪሎ ይበቃል። ሚዛኑንም ተመልከቱ፦ በአንድ ወገን 25፣ በሌላው 15 ከሆነ ድምሩ ልክ ቢሆንም ጭነቱ ይንሸራተትና ትራሱን አከርካሪው ላይ ይጎትተዋል።

ለቆሰለው፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ጠዋትና ማታ እጠቡ። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ ውሃና የጋለ ብረት ለመዳን የተነሳውን ሥጋ ያቃጥሉታል፤ ቁስሉ ይሰፋል። ዋናው መድኃኒት ማሳረፍ ነው፤ ግን የዕለት ጉርሷ ከአህያዋ ለሆነ እናት ይህን ማለት ቀላል አይደለም። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ፣ ትራሱ እሱን በሚነካበት ቦታ ጭዱ ወጥቶ ይቦርቦር፤ ምንም አይንካው። መግል የያዘ ወይም አጥንት ያሳየ ግን ጭነት አይታሰብም፤ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይሂድ።

ውሃም አለ። በድሬ ሙቀት አህያ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል። ጥሙን ስለማያሳይ «አህያ ውሃ አይወድም» ይባላል። ሐሰት ነው።

ውሻ ለምትወዱ አጭር ቃል፦ ከሦስት ወሩ ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከዚያም በየዓመቱ። የማታውቁት ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። «ይሻለኛል» ብሎ መቆየት የለም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም።

የቆሰለ አህያ በስልክ ስትቀርጹ የባለቤቲቱን ፊት አትቅረጹ። እንጨት አስጭና በሌሊት ከገጠር የተነሳች ሴት ናት። ካዋረዳችኋት ነገ ቁስሉን በጨርቅ ሸፍና በሌላ መንገድ ትገባለች፤ ያን ጊዜ ሐኪምም አያየውም። ኦሮምኛ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ ጭነቱን አብራችሁ አውርዱ፣ ስለ ትራሱ ከዚያ በኋላ አንሱ። ጆንያውን፣ ወስፌውንና ሲባጎውን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው እያየች ስፉላት፤ ሲሟሽሽ ራሷ መሙላት እንድትችል።