ቦርንሆቬድ 1813፦ የስዊድንና የዴንማርክ ፈረሰኞች ጥያቄና መልስ

ስለ ቦርንሆቬድ ውጊያ የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ጎረቤቶች ምን አጣላቸው?

መልስ፦ ኖርዌይ። ስዊድን በ1809 ፊንላንድን በሩሲያ ተነጥቃ ካሳ ትፈልጋለች፣ ኖርዌይ ደግሞ በዴንማርክ ንጉሥ እጅ ናት። ዴንማርክ በበኩሏ እንግሊዞች በ1807 ኮፐንሃገንን ደብድበው መርከቦቿን ስለወሰዱባት ከናፖሊዮን ጋር አብራለች። ናፖሊዮን በጥቅምት 1813 ላይፕዚግ ላይ ሲሸነፍ የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ካርል ዮሐን ፊቱን ወደ ዴንማርክ አዞረ።

ጥያቄ፦ ሰውዬው ፈረንሳዊ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ አዎ፣ በርናዶት ነው፣ የናፖሊዮን የገዛ ማርሻል! የዛሬው የስዊድን ንጉሥም የሱ ዘር ነው።

ጥያቄ፦ ውጊያውን ዘርዘር አድርግልን።

መልስ፦ ዲሴምበር 7 ነው። ዴንማርኮች ሉቤክን ለቀው በሆልሽታይን በኩል ወደ ሬንድስቡርግ ምሽግ እያፈገፈጉ ነው። የዚያ አገር እርሻ ቁጥቋጦ በበቀለበት የአፈር ክትር የታጠረ ነው፣ መንገዱም በአጥሮቹ መሀል ጠቦ ያልፋል፤ ለፈረሰኛ ከዚህ የባሰ ቦታ የለም፣ ወደ ጎን መዘርጋት አይቻልም፣ የፊተኛው ፈረስ ከወደቀ የኋላው ይደረብበታል። እንደዚያም ሆኖ የስዊድኑ ጄኔራል የሼልደብራንድ ፈረሰኞች ደረሱባቸው፣ በብሮር ሴደርስትሮም የሚመሩት የሞርነር ሁሳሮችም (ቀላል ፈረሰኞች ናቸው) ጎራዴ መዘው ገቡባቸው።

ጥያቄ፦ ማን አሸነፈ ታዲያ?

መልስ፦ ስዊድን፣ ግን ባይጋነን ጥሩ ነው። ዋናው የዴንማርክ ጦር አመለጠ። ከሦስት ቀን በኋላ የዴንማርክ ጦር አዛዥ የሄሰኑ ልዑል ፍሬድሪክ ሴሄስተድ ላይ የስዊድን አጋር የሆነውን የጄኔራል ቫልሞደንን ጦር ጥሶ ሬንድስቡርግ ገባ።

ጥያቄ፦ ሴሄስተድ ላይ ካሸነፉ ኖርዌይን ለምን አጡ?

መልስ፦ ምሽግ መግባት ማለት እኮ መከበብም ነው። የሚደርስላቸው ወዳጅ አልነበረም፣ ናፖሊዮን ራሱ ወደ ፈረንሳይ ተገፍቷል። ጃንዋሪ 14 ቀን 1814 ኪል ከተማ ላይ የሰላም ውል ፈርመው ኖርዌይን ለስዊድን ሰጡ፤ አይስላንድ፣ ግሪንላንድና የፋሮ ደሴቶች ግን እነሱው ጋ ቀሩ። ኖርዌዮቹ «ማን ጠየቀን?» ብለው ሜይ 17 የራሳቸውን ሕገ መንግሥት አጸደቁ። በዚያው በጋ ስዊድን ወረረቻቸው፣ ተስማሙና እስከ 1905 በአንድ ንጉሥ ሥር ኖሩ።

ጥያቄ፦ ቦርንሆቬድ ዛሬ የት ናት?

መልስ፦ ሰሜን ጀርመን፣ ሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ውስጥ። የዴንማርኩ ንጉሥ ቫልደማር ዳግማዊም በ1227 እዚያው ነው የተሸነፈው።