የጤና ተማሪዎች አብረው ሲማሩ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የአዋላጅነት፣ የላቦራቶሪና የሌሎች ጤና ሙያ ተማሪዎች አብረው ስለሚማሩበት አሠራር ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ብዙ ደርሶኛል፤ ተመሳሳዮቹን አጣምሬ እመልሳለሁ። ፋርማሲስት ነኝ፣ በተግባር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የነርሲንግ ተማሪ)፦ እኛ በመጀመሪያው ዓመት አናቶሚን ከሕክምናና ከፋርማሲ ተማሪዎች ጋር በአንድ አዳራሽ ተምረናል። አብሮ መማር ማለት ይኸው አይደለም?

አይደለም፣ እህቴ። በብሪታኒያ በ1987 የተቋቋመውና በዚህ ጉዳይ ቀዳሚ የሆነው ኬይፕ የተባለ ማዕከል፣ ተማሪዎቹ አብረው ከመማር አልፈው አንዱ ከሌላው እንዲማር፣ አንዱም ስለሌላው ሥራ እንዲያውቅ ይጠይቃል። አዳራሽ ውስጥ ሁላችሁም የተማራችሁት ከመምህሩ ነው። የፋርማሲ ተማሪው ምን እንደሚያውቅ ያወቅሽበት አጋጣሚ ነበር?

ልዩነቱ የሚታየው አልጋ አጠገብ ነው። እንበልና ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለ አንዲት እናት ቲቢም ተገኝቶባት ተኝታለች። የሕክምና ተማሪው ከአስተማሪው ጋር ሆኖ ሪፋምፒሲን ያለበትን የቲቢ መድኃኒት አስጀምሯል። የፋርማሲ ተማሪዋ ካርዱን ስታገላብጥ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒቷ እንደ ድሮው በቀን አንድ ጊዜ እንደሆነ ታያለች። ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ከሰውነት ቶሎ እንዲወገድ ስለሚያደርግ፣ 50 ሚሊግራሙ በቀን ሁለት ጊዜ መወሰድ አለበት። ነርሲንግ ተማሪው ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሲያጫውታት፣ ጾም ስለያዘች የጠዋቱን ኪኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደምታቆየው ትነግረዋለች። ሦስቱ ካልተነጋገሩ መጠኑ ቢስተካከል እንኳ ሁለቱ የዶሉቴግራቪር ኪኒኖች በአንድ ከሰዓት በኋላ ተከታትለው ይዋጣሉ። ከተነጋገሩ ግን ሰዓቱን ከእርሷ ጋር ተማክረው ያወጡታል። እኔ አብሮ መማር የምለው ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር ከውጭ የመጣ አይደለም? እኛ ምን አገባን?

ይህን ጥያቄ ስለወደድኩት ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት አብሮ የመማርን ጉዳይ የሚመለከት ሪፖርት ያወጣው በ1988 ነው፤ በሰፊው የሚጠቀሰው የተግባር ማዕቀፉ ደግሞ በ2010 ወጣ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ግን በ1954 ነው የተከፈተው። ሲከፈትም ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን (የአካባቢ ንጽህና ባለሙያዎችን) በአንድ ግቢ ያሠለጥን ነበር፤ ምክንያቱም ተመርቀው የሚመደቡት አንድ ጤና ጣቢያ ላይ በቡድን ነበር። የመጨረሻውን ልምምድ የሚያደርጉትም በዚያው ቡድን እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነበር። ጤና መኮንኑ በሽተኛ ሲያይ፣ ነርሷ እናቶችን ስትጎበኝ፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭና መጸዳጃ ሲፈትሽ፣ ማታ ላይ የሚነጋገሩት ስለ አንድ መንደር ነው።

በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ይህንን አስፋፋው። ዛሬም ብዙዎቻችሁ ቲቲፒ እያላችሁ የምትጠሩት የቡድን ሥልጠና ቤት ለቤት መረጃ መሰብሰብን፣ የአካባቢውን ችግር በቅደም ተከተል ማውጣትንና በጋራ መፍትሔ መሞከርን ያካትታል። ተማሪው ይህንን ሪፖርት አስረክቦ ነጥብ የሚያገኝበት ግዴታ አድርጎ ሲያየው ያናድደኛል፤ ብዙ አገር የሚመኘው ነገር በእጃችን አለ።

ጥያቄ፦ በሆስፒታል ውስጥስ ጥሩ ምሳሌ የሚሆን አገር አለ?

ስዊድን። የሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ በ1986 ለሁሉም የጤና ተማሪዎች የጋራ ትምህርት ጀመረ፤ በ1996 ደግሞ በአጥንት ሕክምና ዘርፍ ተማሪዎች ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱት ዋርድ ከፈተ። የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፊዚዮቴራፒና የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚው የዕለት ተዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚረዳ ሙያ) ተማሪዎች በአስተማሪዎቻቸው ክትትል ሥር የታካሚዎቹን እንክብካቤ ይመራሉ። እንዲህ ባለ ዋርድ የሕክምና ተማሪውም ታካሚ ያጥባል፣ ያለብሳል፣ አልጋ ያነጥፋል። አንድ ጊዜ ራሱ ያደረገው ሰው «ታካሚውን አስነሡት» ብሎ ካርድ ላይ ሲጽፍ ምን እያዘዘ እንደሆነ ያውቃል።

ጥያቄ (ጠቅላላ ሐኪም)፦ ኃላፊነቱ በመጨረሻ የሐኪሙ ነው። ሁሉም ሐሳብ ከሰጠ ውሳኔ አይጓተትም?

ስጋትዎ ይገባኛል፣ ዶክተር። የመወሰን ድርሻዎን የሚቀማ የለም፤ የሚጨመርልዎት ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ የሚገባዎት ነገር ነው። በ2009 የታተመውን የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝር ጥናት ያስታውሱ፤ በስምንት አገሮች ስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደ ነው። ዝርዝሩ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት የቡድኑ አባላት ስማቸውንና ሥራቸውን እንዲናገሩ ይጠይቃል። ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። ዝርዝሩ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚሰጥበትን ሰዓትና ሌሎች ነገሮችንም ስለያዘ ውጤቱን ሁሉ ለመነጋገር ብቻ መስጠት አይቻልም። ነገር ግን ስሟን የተናገረች ነርስ በኋላ «ቆዩ፣ የመሣሪያዎቹ ቆጠራ አልሞላም» ለማለት ይቀላታል። ይህ ደግሞ ከተመረቁ በኋላ በድንገት የሚመጣ ድፍረት አይደለም።

ጥያቄ፦ አብሮ መማር ለታካሚ እንደሚጠቅም በጥናት ተረጋግጧል?

በከፊል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት በ2013 ያወጣው ግምገማ 15 ጥናቶችን መርምሮ ሰባቱ ጥሩ ውጤት፣ አራቱ የተደባለቀ ውጤት እንዳሳዩ፣ አራቱ ደግሞ ለውጥ እንዳላሳዩ አስቀምጧል። ጥናቶቹ እጅግ የተለያዩ ስለነበሩ አጠቃላይ ድምዳሜ መስጠት አልተቻለም። ያም ሆኖ በደንብ ተዘጋጅቶ እውነተኛ ታካሚ ላይ ሲሠራ እንደሚጠቅም አምናለሁ፤ አዳራሽ ውስጥ ለአንድ ከሰዓት ሰብስቦ መበተን ግን ብዙ የሚለውጠው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ በስንተኛው ዓመት ቢጀመር ይሻላል?

በመጀመሪያው ዓመት ትንሽ፣ በተግባር ልምምድ ዓመታት በደንብ። ተማሪው የራሱን ሙያ ሳያውቅ ለሌላው የሚያካፍለው ነገር የለውም።

ጥያቄ (የአዋላጅነት ተማሪ)፦ የእኛ ኮሌጅ ምንም አላዘጋጀም። የትምህርት ክፍሎቹ መርሐ ግብር አይገጥምም፣ ማን ነጥብ እንደሚሰጥም አልተስማሙም። እኛ ተማሪዎች ምን እናድርግ?

የመርሐ ግብሩና የነጥቡ ጉዳይ የዲኖች ሥራ ነው፤ በጽሑፍ ጠይቋቸው። እስከዚያው በዚያው ዋርድ ያሉ አንድ የሕክምና፣ አንድ የፋርማሲና አንድ የነርሲንግ ተማሪ አግኙ። አስተማሪያችሁን አስፈቅዱ፣ ታካሚዋን ጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ ካርዷን ለየብቻ አንብባችሁ ያሳሰባችሁን ጻፉ፤ ከራውንድ (ሐኪሞች ታካሚዎችን ዞረው ከሚያዩበት ሰዓት) በፊት ግማሽ ሰዓት ተቀምጣችሁ አስተያዩት። ስታቀርቡም በአራት ነገር ቅደም ተከተል አድርጉት፦ አሁን ያለችበት ሁኔታ፣ የኋላ ታሪኳ፣ እናንተ የምታስቡት፣ እንዲደረግ የምትጠይቁት። መጀመሪያ የሚናገረው የሕክምና ተማሪው አይሁን፤ ተራ ተራ አድርጉት።