የሰው ማሳ አቋርጦ መሄድ ነውር አይደለም ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፤ የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ልጄ ማንቸስተር ይኖራል። በመጪው ሐምሌ ልጠይቀው እሄዳለሁ። ኤዴል ወደምትባል የገጠር መንደር በባቡር ወስዶ ተራራ ለተራራ ሊያዞረኝ አስቧል። ደስ ብሎኛል። ግን መንገዱ በገበሬ ማሳና በከብት ግጦሽ መሀል ያልፋል አለኝ። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የሰው ማሳ መርገጥ ለኔ ነውር ነው። ባለቤቱ ቢቆጣስ? ደግሞ ዕድሜዬ ገፍቷል። ጦሳን ግን እስካሁን እወጣለሁ። የነሱ ተራራ ይከብደኝ ይሆን?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለመልካም ጉዞ ያብቃዎት። መጀመሪያ ነውር ስላሉት ነገር። አይደለም፣ ሕግ አለው። እንግሊዝ ውስጥ መሬቱ የግለሰብ ሆኖ በላዩ የሚያልፈው የእግር መንገድ ግን የሕዝብ መብት የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። ባለቤቱ መሬቱን መሸጥ ይችላል፣ መንገዱን ግን እንደፈለገ መዝጋት አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ዓይነቱ መንገድ ሲደመር 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙው ዱሮ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ወደ ገበያና ወደ ሥራ ሲመላለስ በእግሩ ያወጣው ነው፤ የባቲ ሰኞ ገበያተኛ እንዳወጣቸው የእግር መንገዶች ማለት ነው። የኤዴል ሰዎች የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳይኖራቸው ሬሳቸውን ተሸክመው፣ ሆሊንስ ክሮስ የሚባለውን በር ተሻግረው፣ ካስልተን ወስደው ነበር የሚቀብሩት። ልጅዎ በዚያው መንገድ ሊወስድዎ ይችላል።

መብቱ ግን በቀላሉ አልተገኘም፣ ይህንንም ቢያውቁት ጥሩ ነው። ከኤዴል በላይ ኪንደር ስካውት የሚባል ሰፊ አምባ አለ። ያኔ የባለጸጎች የወፍ ማደኛ ነበርና ጠባቂዎች ሰው አያስደርሱም። በአውሮፓውያኑ ኤፕሪል 24 ቀን 1932፣ ቤኒ ሮትማን የሚባል የ20 ዓመት ወጣት ከመሩት አንዱ ሆኖ፣ 400 ያህል ሰዎች ያለ ፈቃድ ወጡበት፤ አብዛኞቹ እሑድን ብቻ የሚያርፉ የማንቸስተርና የአካባቢው ወጣት ሠራተኞች ነበሩ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግጭት ተነሣ። አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ተፈረደባቸው። ነገሩ ግን በዚያ አልቆመም። በ1949 ሕግ ወጣ፣ በ1951 ይኸው አካባቢ ፒክ ዲስትሪክት ተብሎ የእንግሊዝ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በተራራና ባልታረሰ ገላጣ መሬት ላይ ከመንገድ ወጥቶም መሄድን ፈቀደ። ማሳና ግጦሽ ውስጥ ግን ከመንገዱ ንቅንቅ የለም!

ስለዚህ ገበሬው አይቆጣዎትም፣ ወጉን ከጠበቁ። ቢጫ ቀስት ያዩበት መንገድ የእግረኛ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ፈረስና ብስክሌትም ያልፍበታል። በየማሳው ዳር ያለ ጭቃ የተካበ የድንጋይ ካብ ያገኛሉ። መሻገሪያ ደረጃ ወይም በር ተሠርቶለታል፣ በዚያ ብቻ ይለፉ እንጂ ካቡ ላይ አይውጡ። በሩን ተዘግቶ ካገኙት ዘግተው፣ ክፍት ካገኙት ክፍት ትተው ይሂዱ፤ ገበሬው ከብቱ ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ጥጃ ያላት ላም ካዩ ራቅ ብለው ይዙሩ። ይህን ለገበሬ ልጅ መንገር እንኳ አያስፈልግም፣ ግን እዚያ እረኛ አብሮ የለም፤ ላሟ ከጥጃዋ ጋር ብቻዋን ናት።

አሁን ወደ ተራራው። ኪንደር ስካውት 636 ሜትር ነው። የእንግሊዝ ትልቁ ጫፍ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ከሱ እጥፍ ልትሆን ትንሽ ነው የቀራት። በ2,500 ሜትር የሚኖር ደሴዬ በትንፋሽ አይቸገርም። የሚያስቸግረው ሌላ ነው፤ ዝናቡ፣ ነፋሱ፣ ጉሙ፣ ረግረጉ። የኪንደር አናት ጥቁር ረግረግ ነው፣ ጉም ሲወርድበት አቅጣጫ ይጠፋል። ለመጀመሪያ ቀን እዚያ አይውጡ።

እኔ የምመርጥልዎት ከኤዴል ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ሆሊንስ ክሮስ መውጣት፣ ከዚያ በጀርባው ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ ማም ቶር መድረስና በመጡበት መመለስ ነው። ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አቀበቱ 300 ሜትር ገደማ። ማም ቶር 517 ሜትር ነው፣ በወዲያና በወዲህ ሁለቱንም ሸለቆ ያሳያል። ተራራው በአንድ ጎኑ እየተንሸራተተ አስቸግሮ ከሥሩ የሚያልፈው የመኪና መንገድ በ1979 ለዘለቄታው ተዘግቷል። የተሰባበረው አስፋልት አሁንም አለ። የመሬት መንሸራተትን ለሚያውቅ ደሴዬ ወርዶ ቢያየው የሚገርም ነው።

ሰዓቱን ለመገመት ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ለዚህ ጉዞ ሁለት ሰዓት ከምናምን ይመጣል። ያ ለጎረምሳ ነው፣ እርስዎ ከነዕረፍቱ አራት ሰዓት ይያዙለት። ሐምሌ ላይ በኛ አቆጣጠር እስከ ማታ 3 ሰዓት ብርሃን ስላለ አይጣደፉ። ጫማው የማያንሸራትት ይሁን፣ አዲስ ከሆነ እዚሁ ጦሳ ላይ ይልመዱት። የዝናብ ጃኬት በሐምሌም አይቀርም። ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመውን 1:25,000 ካርታ ልጅዎ ይግዛ፤ የሕዝብ መንገዶቹ በአረንጓዴ ቁርጥራጭ መስመር ተሥለውበታል። ስልክ በሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ያጣል። ችግር ቢመጣ 999 ደውሎ ፖሊስ፣ ቀጥሎ የተራራ ነፍስ አድን ማለት ነው። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ አያስከፍሉም።

ጥያቄ፦ እኛ ኮምቦልቻ ያለን የእግር ጉዞ ወዳጆች ነን። እንግሊዞቹ ይህን ሁሉ መንገድ ማን ይጠብቅላቸዋል? እኛስ ምን እንማር?

መልስ፦ ኃላፊነቱ የአካባቢው አስተዳደር ነው፣ ብዙ በጎ ፈቃደኛም ያግዛል። ገበሬውም ድርሻ አለው። ማሳውን አቋርጦ የሚያልፈውን የእግር መንገድ ቢያርሰው በ14 ቀን ውስጥ መልሶ የሚያስሄድ ማድረግ አለበት። ከኤዴል የሚነሣው ፔናይን ዌይ በ1965 ሲከፈት ብዙ እግር ረገጠውና ረግረጉ ተቦረቦረ። ስለዚህ ከተዘጉ የጥጥ ፋብሪካዎች ወለል የተነቀለ ጠፍጣፋ ድንጋይ በሄሊኮፕተር እየተጫነ ተነጠፈበት።

ለኛ የሚበጀው እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ወሎ ውስጥ ተራራው ላይ የሚታየው እርከን የስንት ሰው ድካም ነው! በአቋራጭ እየዘለላችሁ ከወረዳችሁ ካቡ ይፈርሳል፣ ጎርፉም የናንተን ዱካ ተከትሎ ቦይ ያወጣል። ጠመዝማዛው መንገድ ቢረዝምም እሱን ያዙ። መንገድ ከመምረጣችሁ በፊት የቀበሌውን ሰዎችና ባለማሳዎቹን አነጋግሩ፣ ስለ አካባቢው ሰላምም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከተስማማችሁ በኋላ በየመታጠፊያው ድንጋይ ላይ ቀለም ቀቡ፣ ሌላው ሰው እንዳይስት። ምልክቱን ጤፉ ከታጨደ በኋላ ከኅዳር መጨረሻ ጀምራችሁ ብታደርጉት ይሻላል።