ልጆቹን በሦስት ልክፈላቸው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ደብረ ብርሃን ለአራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። በክፍሌ 58 ልጆች አሉ። በቅርቡ ሥልጠና ላይ «በማየት፣ በመስማትና በመንካት የሚማሩትን ለዩና ለእያንዳንዱ በሚስማማው መንገድ አስተምሩ» ተባልን። ለየኋቸው። ግን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ዓይነት ዝግጅት መሥራት አቃተኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የኔ ልጅ፣ ያን የስም ዝርዝር ቅደጂው። ከልቤ ነው የምልሽ።

እኔም አንድ ጊዜ እንዳንቺው ለይቼ ነበር። አንዱን ተማሪዬን «ይሄ በመስማት ነው የሚማረው» ብዬ ጻፍኩ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አይገለብጥም፣ ስናገር ግን አንድ ቃል አያመልጠውም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁ ከኋላ ተቀምጦ ሰሌዳው አይታየውም ነበር። የሚያስፈልገው መነጽር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ስም ለጥፌበት ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2008 አራት የሥነ ልቦና ምሁራን በጉዳዩ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። ልጅን «በዓይነቱ» ለይቶ ማስተማር የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ልጆች አይለያዩም ማለት ግን አይደለም። በጣም ይለያያሉ! አንዱ ከአባቱ ጋር ባቄላ ዘርቷል፤ ሌላዋ ባቄላን የምታውቀው ሹሮ ሆኖ ነው። እኔ የምጨነቀው ለዚህ ልዩነት ነው።

ስለዚህ የማስተማሪያውን መንገድ ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ይምረጠው። የዘር አበቃቀልን በወሬ ብቻ ማስተማር አይቻልም፤ ለማንም። ባቄላ ማታ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፊ። ዘጠኝ የሃይላንድ ጠርሙስ ቁረጪ፤ ለስድስት ሰባት ልጅ አንድ ይበቃል። ውስጡን ዙሪያውን ሶፍት አልብሺውና ባቄላዎቹን በሶፍቱና በፕላስቲኩ መሃል አስገቢ። ባቄላ ላይ ያለችውን ጥቁር መስመር ታውቂያታለሽ፤ አንዷን ወደ ላይ፣ አንዷን ወደ ታች፣ አንዷን ወደ ጎን አድርጊ። ከታች ትንሽ ውኃ።

ከዚያ በፊት ግን ጠይቂያቸው፦ «ሥሩ ወዴት ይሄዳል?» ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይሳል። ይከራከሩ፣ ይጩኹ፤ አትቆጫቸው። ደብረ ብርሃን ብርድ ስለሆነ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል፣ ታገሺ። መጀመሪያ የሚወጣው ሥሩ ነው፤ ዘሩ በየትም በኩል ቢቀመጥ ሥሩ ዞሮ ወደ ታች ይሄዳል። ያኔ የተረፈውን ውኃ አፍስሺና ጠርሙሱን በጎኑ አስተኚው፤ ሶፍቱ ብቻ እንዳይደርቅ። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ሥሩ እንደገና ወደ ታች ይታጠፋል። እሷን እጥፋት በጣታቸው ይከተሏት፣ ይሳሏት፣ ለጓደኛቸው ያስረዱ። አንድ ዝግጅት ነው፤ 58ቱም ያያሉ፣ ይሰማሉ፣ ይነካሉ።

ባቄላ የዘራው ልጅ ዝም ካለ፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚዘራ ጠይቂው። ሸዋ ውስጥ ያደገ የገበሬ ልጅ ብዙ ያስተምርሻል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ነገ ጠዋት ከመጨረሻው ወንበር ያሉትን ልጆች ሰሌዳው ላይ የጻፍሽውን አስነብቢያቸው። ዓይኑን የሚያጨናብስ ካለ ወደ ፊት አምጪውና ወላጁን አስጠሪ።