አንዳንዴ ብቻ የሚተኩስ ሞተር

ጥያቄ፦ የ1972 ሞዴል ቮልስዋገን አለኝ፤ ሞተሩ 1600 ሲሲ ነው። ጠዋት ያለ ችግር ይነሳል። ከሞቀ በኋላ ግን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል፣ በማርሚታው ይተኩሳል፣ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ ይስተካከላል። ካንዴላዎቹ ተቀይረዋል፤ ካርቡራተሩም (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅለው) ደጋግሞ ተስተካክሏል። አዲስ ካርቡራተር ልግዛ?

መልስ፦ አይግዙ። ጥፋቱ ካርቡራተሩ ላይ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሲነካካ ወይ ይሻለው ነበር፣ ወይ ይብስበት ነበር።

ከጻፉልኝ ውስጥ ሁለት ነገሮች መንገዱን ያሳያሉ። አንደኛው ተኩሱ በማርሚታ መውጣቱ ነው። ወደ ላይ በካርቡራተሩ አፍ ቢተፋ ኖሮ ቅልቅሉ ነዳጅ አንሶታል ወይም የመግቢያ ቫልቭ በደንብ አይዘጋም ብዬ እጠረጥር ነበር። በማርሚታ ሲሆን ግን ሳይቃጠል ያለፈ ነዳጅ በጋለው ቱቦ ውስጥ ፈንድቷል ማለት ነው። ብልጭታው ለቅጽበት ሲጠፋ ነዳጁ እንዳለ ያልፋል፤ ሲመለስ የተጠራቀመው ይቀጣጠላል። (እየነዱ ቁልፉን አጥፍተው ወዲያው ቢከፍቱ ያንኑ ድምፅ ይሰማሉ። ማርሚታዎ እንዲሰነጠቅ ካልፈለጉ ግን አይሞክሩት።)

ሁለተኛው ነገር በድንገት መጥቶ በድንገት መሄዱ ነው። እዚህ ላይ ጆሮዎን ይመኑ። የነዳጅ ችግር ሲመጣም ሲሄድም ቀስ ይላል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ይንገዳገዳል፣ ከዚያ ነፍስ ይዘራል። የኤሌክትሪክ ችግር አምፖል እንደ ማጥፋትና እንደ ማብራት ነው፤ መሀል ቤት የለውም።

ለማረጋገጥ የታይሚንግ መብራት (ሽቦ ላይ ተቆንጥጦ ብልጭታ ባለፈ ቁጥር ብልጭ የሚል መሣሪያ) ይዋሱ። መቆንጠጫውን ከቦቢናው (ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈጥረው ጥቅል) መሀል በሚወጣው ወፍራም ሽቦ ላይ ያድርጉና ሞተሩ ሞቆ ማነከስ ሲጀምር መብራቱን ይመልከቱ። መብራቱም አብሮ ከዘለለ ጥፋቱ ቦቢናው ራሱ ወይም ከእሱ በፊት ያለው መስመር ነው። መብራቱ ሳያቋርጥ ሞተሩ ብቻ ካነከሰ ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ክዳን፣ ወደ ካንዴላ ሽቦዎች፣ ከዚያም ወደ ነዳጁ ይዙሩ። እኔ የመጀመሪያውን እጠብቃለሁ።

አሁን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱና ፑንቲናው (የቦቢናውን ኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋው ማቋረጫ) የተቀመጠበትን ሳህን ይመልከቱ። ቫኪዩሙ (በቱቦ የሚመጣው የሞተሩ የአየር መሳብ) በሳበው ቁጥር ሳህኑ ትንሽ ይዞራል፤ ከፑንቲናው የሚወጣው ቀጭን ሽቦም አብሮት ይታጠፋል። ከዓመታት መታጠፍ በኋላ የመዳብ ክሮቹ በሽፋኑ ውስጥ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ሽፋኑ ስላልተቆረጠ ከውጭ ሲታይ ሽቦው ጤነኛ ነው፤ በጣትዎ ሲያጥፉት ግን አንዲት ቦታ ላይ ከሌላው ይልቅ ልፍስፍስ ይላል። የተበጠሱት ክሮች ጫፍ ለጫፍ ሲነካኩ ሞተሩ ይሠራል፤ ሲራራቁ ብልጭታ የለም።

በዓይን ብቻ አይፍረዱ፤ ይለኩ። ቁልፉን ያጥፉ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ሽቦ ከቦቢናው በኩል ይንቀሉ፣ ፑንቲናው ተዘግቶ እንዲቆም ሞተሩን በእጅ ያዙሩ። ከዚያ በሽቦው ጫፍና በሞተሩ አካል መካከል በኦም ሜትር ይለኩ። ቁጥሩ ዜሮ አጠገብ ረግቶ መቆም አለበት። የቫኪዩሙን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቅለው በአፍዎ አየር ይሳቡ፤ ሳህኑ ሲዞር፣ ሽቦውም ሲነቀነቅ ቁጥሩ ከዘለለ ሌባው ተይዟል።

ቁጥሩ ከረጋ ተጠርጣሪው ኮንዴንሰሩ (ፑንቲናው ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ትንሽ ዕቃ) ነው፤ አንዳንዱ ሲቀዘቅዝ ደህና ሆኖ ሲሞቅ ይከዳል። ስለዚህ በብርዱ ለክቶ ነፃ ማውጣት አይቻልም፤ ደህናነቱ በታወቀ ሌላ መተካት ይሻላል። አዲስ ሁሉ ደህና ነው ብለው አያስቡ፤ ርካሾቹ ኮንዴንሰሮች ከሣጥኑ ሲወጡም የተበላሹ ሊሆኑ ይችላሉ። አሮጌውን ቶሎ አይጣሉት።

ኮንዴንሰሩም ካልሆነ ከባትሪው ፖዘቲቭ 15 ቁጥር ወደተጻፈበት የቦቢናው ማያያዣ ለሙከራ ብቻ ፊውዝ ያለው ሽቦ ይዘርጉ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋቱ የማስነሻ ቁልፉ ወይም መሀል ያለው ማያያዣ ነው። ሞተሩን ለማጥፋት ይህን ሽቦ መንቀል እንዳለብዎት አይርሱ፤ ቁልፉ አያጠፋውም።

በነገራችን ላይ ሞተሩ ክፍል ውስጥ እያሉ የቤንዚን ጎማዎቹን ጎንበስ ብለው ይመልከቱ። የዚህ ሞተር ቋት (የሞተሩ አካል) ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ በቀላሉ አይጠፋም። የተሰነጠቀ ጎማ ካለ የብልጭታው ፍለጋ ይቆይ፣ ጎማው ይቀድማል።

ጥፋቱ ከተገኘ በኋላ የተነካካውን ካርቡራተር ወደ ቦታው መመለስ ይቀራል። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፦ የፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ በረዶ ሆኖ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ ታይሚንግ (ብልጭታው የሚመጣበት ቅጽበት)፣ መጨረሻ ላይ ካርቡራተር። መኪናዎ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ሶሌክስ 34 ፒክት 3 ካርቡራተር ካለው ሚኒሞ የሚስተካከለው በጎኑ ባለው ትልቁ ብሎን ነው። የነዳጅ መርገጫውን ክንድ የሚገፋውን ብሎን አጥብቆ ሚኒሞ ከፍ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው፤ በሚኒሞ ተዘግቶ መቆየት ያለበትን የቫኪዩም ቀዳዳ ይከፍታልና ታይሚንጉ ይዛባል። ይህ ብሎን ተነክቶ ከሆነ ክንዱን እስኪለቅ ያላሉት፣ እንደገና ልክ ሲነካ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ይጨምሩለት፤ የቀረውን በትልቁ ብሎን ይጨርሱ።