መልስ፦ ያን የሚያክል እንስሳ ሲኖር ሰው የት ነበር?

ወንድሜ፣ «ዳይኖሰሮች ያን ያህል ግዙፍ ከነበሩ የጥንት ሰዎች እንዴት አብረዋቸው ኖሩ?» ላልከው፣ አብረው አልኖሩም። ሰው የሚባል ገና አልነበረም።

ፓታጎቲታን የሚባለውን ግዙፍ ዳይኖሰር ብቻ እንይ። በአርጀንቲና፣ ቹቡት በሚባለው ክፍለ ሀገር አንድ የእርሻ ሠራተኛ ከመሬት ብቅ ያለ አጥንት አይቶ ነው የተጀመረው። ሲቆፈር ቢያንስ የ6 እንስሳት ቅሪት ተገኘ፤ ስሙም በ2017 እ.ኤ.አ. ወጣለት። የጭኑ አጥንት ብቻውን 2.4 ሜትር ገደማ ነው! በጣም ረጅም የምትለው ሰው አጠገቡ ቢጋደም አጥንቱ ይበልጠዋል። ሙሉ ርዝመቱ እስከ 37 ሜትር ይገመታል። የኖረውም ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው።

እነዚህ ግዙፎች ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆነ (ወፎች የዳይኖሰር ዘር ስለሆኑ ዘሩ ጨርሶ አልጠፋም)። የእኛዋ ድንቅነሽ፣ ያን ያህል ጥንታዊት የምንላት፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ኦሞ ኪቢሽ በሚባለው ቦታ የተገኘው የእኛው ዓይነት ሰው ደግሞ ከ200 ሺህ ዓመት ትንሽ ቢዘል ነው።

«ደካማ ስለነበሩ ነው የጠፉት» ያልከውን ግን በፍጹም አልቀበልም። ከ160 ሚሊዮን ዓመት በላይ ምድርን ገዝተዋል፤ እኛ የዚያን አንድ መቶኛ እንኳ አልኖርንም።